ነገሌን ቆቃ ያለው ማሽን

ዓርብ ነበር። ሮማን ለምሳ ሳትመጣ ስትቀር መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ቆዳ አበጀ፤ መልሼ አሞቅኩት፤ እንደገና ቆዳ አበጀ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳሞቀው ቁጣዬ አልቆ ሌላ ነገር ገብቶብኝ ነበር። ያንን ሌላ ነገር በዚያ ዘመን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ያኔ ማን ነበርሽ ብትሉኝ፣ ናዝሬት ገበያ ሽንኩርት የምሸጥ ሴት ነበርኩ። ባሌ ሾፌር ነበር፤ ሮማን ገና ዳዴ ስትል መተሐራ ላይ ወባ ገደለችው። ከሮማን ሌላ ልጅ የለኝም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ያውም በልጄ ጭቅጭቅ። እስከ ዛሬ ሳነብ ጣቴን ከመስመሩ ላይ አላነሳም። ይህንንም የምጽፈው እንደዚያው፣ አንዱን መስመር ስጨርስ እያረፍኩ ነው።

ፍርሃትን ግን ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። ታናሽ ወንድሜን አንድ ቀን "ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ" ብለው ወሰዱት። ሻዩን አጋምሶ ነበር፤ ይመለሳል ብዬ ከድኜ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ትንሽ የሚባል ጥያቄ የለም። ሮማንንም በአንድ ምክር ነው ያሳደግኳት፦ አንገትሽን ድፊ፣ አይተሽ እንዳላየሽ እለፊ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሮማን አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ታይፕ ተማረች። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሄዳ የኮምፒዩተር ኮርስ ወሰደችና ለገበሬ ማዳበሪያ የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ቀጠራት። በናዝሬቱ ቅርንጫፍ ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው፤ የሚነካውም እሷ ብቻ። አቧራ እንዳይገባበት ክፍሉ ውስጥ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው። ጎረቤቶቼ "ልጅሽ መስጊድ ነው እንዴ የተቀጠረችው?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሽሮውን በምሳ ዕቃ ይዤ ወደዚያው ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ደጀኔ ነበሩ።

"በላይነሽ፣ ልጅሽ ሥራ በዝቶባት ነው" አሉኝ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።"

"ዓይንሽን ካየሁ መች እዋሻለሁ ብለሽ ነው" አሉና ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ አዛወሩ። "ለጥያቄ ይዘዋታል። ትንሽ ነገር ነው።"

አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ባዶ ጆንያ አንጥፋ ተቀምጣለች፤ ከእኔ ታንሳለች፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባለች።

"አካም ጅርታ፣ አዴ?" አለችኝ።

"ነጋ" አልኳት በኦሮምኛ፣ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ደህና አልነበርኩም፣ ግን ሰላምታ እንደዚያ ነው የሚመለሰው።

ዘይነባ ትባላለች። ከአርሲ ነገሌ ነው የመጣችው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተቀምጣለች።

"ማዳበሪያችን ቀረ" አለችኝ። "ገበሬ ማኅበሩ የጭነት መኪናው፣ ኤንትሬው፣ ከናዝሬት ተነስቷል ይላል። ኤንትሬው ግን የለም። ባለቤቴ ታሟል፤ እኔ ካልመጣሁ ማን ይመጣል? ዝናብ ደግሞ ቆይ ቢሉት አይቆይም። እነዚህ ቆይ ይሉኛል።"

"እኔም ልቆይ ነው የመጣሁት" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ላይ ጓድ ሽፈራው ብቅ አለ። የፓርቲው ሰው ነው። ከሰሜን ተመድቦ ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ንጹሕ የሳፋሪ ልብስ የሚለብስ፣ ድምፁን የማያነሳ ልጅ። የማይጮኹት ናቸው እኔን የሚያስፈሩኝ።

"እናቷ ነዎት?" አለኝ። "ይግቡ፣ ይምከሯት። ፈርማ ብትገላገል ለሁላችንም ይሻላል።"

ሮማን የወረቀት ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አልተመታችም። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፤ ፊቷን፣ እጇን፣ ከዚያ እግሯን። ምሳ ዕቃውን ስከፍትላት ሳቅ አለች።

"እማ፣ ሽሮው ቆዳ አበጅቷል።"

"ብይ ዝም ብለሽ። ምን አድርገሽ ነው?"

"ምንም።"

"ምንም ያላደረገ ሰው ነው መጀመሪያ የሚያዘው። ንገሪኝ።"

እየበላች ነገረችኝ። ለየወረዳው ገበሬ ስም የሚቀመጥበት ዲስኬት የሚሉት አለ፤ ስስ ካርቶን የሚመስል ጥቁር ነገር ነው። የነገሌ ለብቻ፣ የቆቃ ለብቻ። ዲስኬቱን ማሽኑ ውስጥ ስታስገቢው ማሽኑ ስሙን አንብቦ መስታወቱ ላይ ያወጣል፤ የሚታተመውም ወረቀት ከላይ ያንኑ ስም ይዞ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት የነገሌን ስታስገባ ማሽኑ ቆቃ አለ። እሷ ሳታየው ወረቀቱ ታተመ። የመጋዘኑ ሰዎችም ወረቀቱን አምነው የነገሌን ማዳበሪያ ቆቃ አራገፉት።

"ማሽን እንዴት ስም ይሳሳታል?" አልኳት።

"ማሽኑ ብቻውን አይሳሳትም ነበር። ሲመጣ የራሱ ፕሮግራም ነበረው። የእኛ ሥራ በዚያ አልሠራ ሲል ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ሌላ ፕሮግራም በውስጡ ጨመረበት። አሁን አንዱ በአንዱ ውስጥ ነው የሚኖረው። አከራይና ተከራይ በይው። በሩን የሚከፍተው አከራዩ ነው። እንግዳ ሲመጣ 'ቆቃ መጥቷል' ብሎ ለተከራዩ ይነግረዋል። እንግዳው ወጥቶ ሌላ ሲገባ ግን አንዳንዴ መንገሩን ይረሳል። ተከራዩ ጓዳ ሆኖ አዲሱንም እንግዳ ቆቃ እያለ ይጠራዋል። እንግዳው ግን ነገሌ ነው። ዕቃውም የነገሌ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው።"

ገባኝ። ኪራይ ቤት የኖረ ሰው እንዴት አይገባው።

"ይህንን ነግረሽዋል?"

"ደጋግሜ። የሚለኝ 'ማሽን አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሽ' ነው። እንደ እሱ አባባል ያስገባሁት የቆቃውን ነው፣ የነገሌውን ደብቄአለሁ ወይ አጥፍቼአለሁ፣ ማዳበሪያውን ለነጋዴ ልሸጥ ነው። በላዩ የተለጠፈው ወረቀት ነገሌ ይላል ስለው፣ 'ወረቀት ማንም ይለጥፋል' አለ። ስሙን ተወው፣ ውስጡ ያሉትን ሰዎች እይ አልኩት። 'የገበሬ ስም ከቆቃ ይሁን ከነገሌ እኔ በምን አውቃለሁ?' አለኝ። ነገሌ ስልክ የለም፣ መስመሩ ተበላሽቷል። ባለሙያውም አገር ውስጥ የለም። ማሽኑን ላሳይህ ስለው እንዳልነካው ከለከለኝ።"

"ፈርሚ የሚሉሽስ ምንድነው?"

"ዲስኬቱን አውቄ ቀይሬአለሁ የሚል ነው። ከፈረምኩ ዛሬ ቤት እገባለሁ ይላል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በእጄ የፈረምኩት አሻጥር ነው፤ በፈለጉ ቀን ያወጡታል።" ማንኪያውን አስቀመጠች። "እማ፣ ልፈርም?"

ሃያ ዓመት ሙሉ ስመክራት የኖርኩት ለዚህች ቀን ይመስለኝ ነበር። አንገትሽን ድፊ ማለት ይኸው ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ፈርሚም አትፈርሚም የሚል ቃል አልወጣልኝም። ምሳ ዕቃውን ገጥሜ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ጋሽ ደጀኔ በሩን ሲከፍቱልኝ "ዛሬ እዚሁ ታድራለች፤ እኔ አለሁ" አሉኝ። ልጄን የጠበቀልኝም ያሰረብኝም ያው አንድ ሰው ነው፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ዘይነባ ማደሪያ አልነበራትም። ቤቴ ይዣት ሄድኩ። ፍራሽ ዘረጋሁላት፤ ብዙም አላወራንም፤ እሷ ስለ ዝናቡ እኔ ስለ ልጄ ስናስብ ነጋ።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው የታየኝ። ጓድ ሽፈራው የነገሌን ሰው ከቆቃ ሰው የሚለይለት አላገኘም። የነገሌ ሰው ደግሞ እኔ ቤት ሻሿን እያሰረች ነው። ሮማን ያለችውን በምችለው ኦሮምኛ ነገርኳት።

"እኛ ሰፈር ሰዎች በዚያ ዕቃ ውስጥ አሉ?" አለችኝ።

"አሉ ትላለች ልጄ።"

"እንግዲያ ማዳበሪያችንም ያለው እዚያ ነው" አለችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

እንዴት ብዬ እንደገባሁ አላውቅም። ከባለ ሥልጣን ፊት ቆሜ ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጓድ ሽፈራው ሰማኝ፤ አሰበ፤ ሮማንንም አስጠርቶ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል ገባን። ሮማንን ከማሽኑ ራቅ አድርጎ አስቀመጣት። ከትናንት ጀምሮ ሳይጠፋ ባደረው ማሽን ውስጥ የነገሌን ዲስኬት ራሱ አስገባ። መስታወቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል ቆቃ የሚል ስም ወጣ፤ ሮማን በጆሮዬ አነበበችልኝ።

"እኔ ስም አላነብላትም" አለ ጓድ ሽፈራው ወደ ዘይነባ እየጠቆመ። "ካነበብኩላት ሁሉንም አዎ ትላለች። እሷ ትጥራልኝና እዚህ ውስጥ መኖራቸውን እኔ አያለሁ።"

ብልህ ነው አልኩ በሆዴ። እሷ ከጠራች ከዚህ ወዲያ ምን ይቀራል።

"ስምሽ ማነው?" አላት፤ ትንሽ አማርኛ ትሰማለች።

"ዘይነባ።"

"ከቤትሽ እንጀምር። የባልሽ ስም?"

ዘይነባ ዝም አለች።

"ባልሽን አታውቂውም?"

"አውቃለሁ።"

"ጥሪው እንግዲህ።"

ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

"እሺ ይሁን። የባልሽ አባትስ?"

ዝም።

"ወንድሙ?"

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

"ጉድ ነው" አለ ጓድ ሽፈራው። "ታዲያ ማታ በር ሲያንኳኳ ማን ብለሽ ነው የምትከፍቺለት?" ጋሽ ደጀኔ ከበሩ ላይ ሳቅ አመለጣቸው። እሱ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ይህች ሴት ትናንት የት ነው ያደረችው?"

"እኔ ቤት።"

"አዎ። አስጠንተው ነው ያመጡልኝ፤ ጥናቱ አልገባትም እንጂ።" ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቶ ወደ ሮማን ገፋው። "የውሸት ምስክር ማቅረብ ምን እንደሆነ ያውቃሉ? አሁን ነገሩ የልጅዎ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ሆናችኋል። ፈርሚ፣ እናትሽን ይዘሽ ውጪ። አለዚያ ሦስታችሁንም ለሚመለከተው አሳልፌ እሰጣለሁ።"

ሮማን እኔን አየች። ወረቀቱን አየች። እስክሪብቶውን አነሳች።

ለእኔ ስትል ልትፈርም መሆኑ ነው ያነቃኝ። ዘይነባን አየኋት። ሴትዮዋ አልፈራችም። የፈራ ሰው እንዴት ዝም እንደሚል እኔ አውቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ይህ ሌላ ዝምታ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ናዝሬት ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር፣ ድንጋጤ ከራሴ ያባረረብኝ ነገር። ቀበሌያችን ውስጥ የአርሲ ሴት ጎረቤት ነበረችኝ፤ አሥር ዓመት ስንኖር የባሏን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።

"ጓድ" አልኩት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። "አላውቅም አላለችም እኮ። አልጠራም ነው ያለችው። በእነሱ ዘንድ ሚስት የባሏን፣ የአባቱን፣ የወንድሙንም ስም አትጠራም። ነውር ነው። ቢገርፏት አትጠራውም።"

"እንዲህ ዓይነቱ ኋላቀር ነገር ከአብዮቱ ወዲህ ቀርቷል።"

"በወረቀት ቀርቶ ይሆናል" አልኩት።

ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ጋሽ ደጀኔ በሩን ተደግፈው ከነበሩበት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሮማን እስክሪብቶውን እንደያዘች አፏን ከፍታ ታየኛለች። ዘይነባ ቀስ ብላ እጄን ነካች።

"አዴ፣ ስም ከሚያስጠሩኝ ቤቶቹን ልቁጠርላቸው" አለችኝ በኦሮምኛ። እኔም ተረጎምኩላት። ጣቷን እያጠፈች ቀጠለች። "ከመንገዱ ስትገቢ መጀመሪያ የእኛ ቤት ነው። ቀጥሎ የባለቤቴ ወንድም። ቀጥሎ የባለቤቴ አባት። ከእሳቸው ቀጥሎ ሞሚና ናት፤ ባሏ ሞቷል፣ ስሟን እጠራለሁ፣ እሷም እንደኔ ከሌላ አገር ነው ያገቧት። ከሞሚና ቀጥሎ ደበበ አለ፤ ከወሎ የመጣ ነው፣ ዘመዳችን አይደለም።"

"ገበሬ ማኅበሩ የሚመዘግበው ቤት ለቤት እየዞረ ነው" አለች ሮማን ከተቀመጠችበት። "ተራው እንደዚያው ነው የሚገባው። ሞሚናን ይፈልጓት። የታች ቀስቱን ይጫኑ።"

በአንድ ጣቱ እየተጫነ ይፈልግ ጀመር። ስሞቹ ወደ ላይ ይሄዳሉ፤ እኔ አላነባቸውም፤ ፊቱን ነበር የማነበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ቆየ። የለችም ብዬ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

ጮክ ብሎ አነበበ። "ሁሴን ገመዳ። አማን ገመዳ።" ትንሽ አረፈና "ገመዳ ቡሴር" አለ።

ይህን ጊዜ ዘይነባ ብድግ አለች። ሻሿን በፊቷ ላይ ጎትታ ሸፍና፣ አማቷ በዚያ በር የገቡ ይመስል አንገቷን ሰብራ ቆመች። ማንም አላዘዛትም። ስማቸው በተጠራበት ቤት ተቀምጣ መቆየት አልቻለችም።

ጓድ ሽፈራው ከመስታወቱ ላይ ዓይኑን አንስቶ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ፤ "ሞሚና ቱሬ። ደበበ ይመር።"

እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

"ታዲያ ማሽኑ ለምን ቆቃ ይላል?" አለ በመጨረሻ። እንደ መርማሪ አልነበረም የጠየቀው።

"እንድነካው ይፍቀዱልኝ" አለች ሮማን።

ፈቀደላት። የቆቃውን ዲስኬት ከሣጥኑ አውጥታ አስገባች፤ ማሽኑ ቆቃ አለ። እሱን አውጥታ ገና ያልተጻፈበት አዲስ ዲስኬት አስገባች፤ ባዶውንም ቆቃ አለው። ከዚያ ማሽኑን አጠፋችው። እንደገና አበራችውና የነገሌውን ብቻ አስገባች። ነገሌ አለ።

"ድገሚው" አላት። ደገመችው። ያው ሆነ።

"እንግዲህ ማሽኑን እንሰረዋ" አሉ ጋሽ ደጀኔ። ማንም አልሳቀላቸውም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር እስቃለሁ።

ጓድ ሽፈራው ያልተፈረመበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ አላለም፤ እኛም አልጠበቅንም። "ሰኞ በሰዓትሽ ግቢ" አላት ሮማንን። ቆቃ የተራገፈውን መልሰው እንዲጭኑ ሰው ላከ። ዘይነባን ኤንትሬው ላይ ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጧት። ስትሳፈር እጄን ይዛ በኦሮምኛ መረቀችኝ፤ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን አሜን ብዬ ተቀበልኩት።

ከሮማን ጋር በእግራችን ወደ ቤት ተመለስን። ንፋሱ አቧራውን ፊታችን ላይ ያፈሰዋል። ጥቂት እንደሄድን "እማ፣ ልፈርም ነበር እኮ" አለችኝ። "አውቃለሁ" አልኳት። ቤት ስንደርስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፍራሹ ላይ ወድቃ ተኛች። እኔ መተኛት አልቻልኩም። ደስታ ነው መሰላችሁ? ድካም ነው። በዚያ ዘመን የተረፈ ሰው ከመደሰቱ በፊት ይደክመው ነበር።

እናንተ የምታነቡልኝ፣ ያ ሰው ክፉ ነበር ልላችሁ አይደለም። ሰኞም አብሯት ሠርቷል፤ ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። ማሽኑም ያው ነበር። ሮማን ዲስኬት በቀየረች ቁጥር እያጠፋች እያበራች ስትሠራበት ኖረች። እኔ ያሰብኩት ስለ ዝምታ ነው። ዘይነባ ዝም ያለችው ለአማቷ ክብር ነው፤ ለዚያ ክብር ደግሞ ማዳበሪያውን ልታጣ ምንም አልቀራትም። እኔ ዕድሜዬን ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ሁለታችንም አንድ ነን፤ መልስ የሌላቸው ሴቶች። የእሷን ዝምታ ማስረዳት የሚችል አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ መኖር ነበረበት። እኔ ነበርኩ። ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጄ በእጇ ትፈርም ነበር።

ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብላችሁ እንዳታስቡ። አልለቀቀኝም፤ አሁንም በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍትም። የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሮማን ምሳ ሰዓት ካለፈባት ቤት ተቀምጬ ድስት አላሞቅም። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ልጄ የት አለች ልል እወጣለሁ። ጸሎቱን መንገድ ላይ አደርሰዋለሁ።